የማያምም ቁስል፣ የማይታይ ሕመም

 

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ መጥተን በጤናው ዘርፍ የምንማር የጀመዓው አባላት ነን። ለእረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ ነጭ ጋዋን የለበሰ ልጅ ሰፈር ገባ ይባልና ሰው ይመጣብናል። ገና ተማሪዎች ነን ብንልም የሚሰማን የለም። አንዱ እጅጌውን ሰብስቦ ያሳየናል፤ አንዷ ወገቧን ይዛ ትነግረናለች። ከሚመጡት መካከል ሁለት ዓይነት ሰዎች ደጋግመው ስለገጠሙን ነገሩን በጋራ ልናስብበት ወደድን።

የመጀመሪያው ቁስሉ ፊቱ ላይ ወጥቶ ሁሉም የሚያየው፣ እሱ ግን «አያመኝም» የሚል ሰው ነው። ሁለተኛዋ ወገቧንና ጉልበቷን ከዓመት ዓመት የሚያማት፣ ነገር ግን የሚታይ አንድም ምልክት የሌላት እናት ናት። እሱ ስለማያመው ሐኪም ቤት አይሄድም። እሷ ሄዳ፣ የሚታይ ነገር ስለጠፋ «ምንም የለሽም» ተብላ ትመለሳለች። ሁለቱም በተለያየ መንገድ ሕክምናው ያመለጣቸው ሰዎች ናቸው። የሁለቱም መፍትሔ የሚጀምረው ግን ከአንድ ቦታ ነው፤ በትክክል ከመጠየቅና እስከ መጨረሻው ከማዳመጥ።

ቁንጭር

በሰፈራችን ቁንጭር የሚባለውን ቁስል የሚያመጣው ሌይሽማኒያ የተባለ በዓይን የማይታይ ተውሳክ ነው። በአገራችን ደጋማ ቦታዎች አብዛኛውን የሚያመጣው ዓይነት ሌይሽማኒያ ኢትዮፒካ ይባላል፤ ስሙ ራሱ አገራችንን ይጠራል። ተውሳኩ በገደልና በድንጋይ ስንጥቅ በሚኖሩ ሽኮኮዎች ሰውነት ውስጥ ይኖራል። ከእነሱ ወደ ሰው የምታሻግረው ከወባ ትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ናት። ስለዚህ በሽታው በገደል አፋፍ ቤት የሠራውን፣ ከብት ይዞ በዋሻ የሚያድረውን እረኛ ያጠቃል። ንክሻው ፊት ላይ ይበዛል፤ ተሸፋፍኖ የሚተኛ ሰው ሳይሸፍን የሚተወው ፊቱን ነውና።

ቁስሉ ቀስ ብሎ ያድጋል። በአብዛኛው አያምም፤ ትኩሳት የለውም፤ ሥራ አያስፈታም። እንዲህ ያለ ቁስል ለገበሬ ከአረምና ከአጨዳ አይቀድምም። ጎረቤት ቅጠል ይጠቁማል። ክርስቲያኑ ጸበል ይሄዳል፤ እኛም ሩቅያ እናስደርጋለን። በዚህ መሐል ወራት ያልፋሉ። አንዳንዱ ቁስል ጠባሳ ጥሎ በራሱ ይድናል። አንዳንዱ ግን የአፍንጫንና የአፍን ውስጠኛ ክፍል ይይዛል። አንዳንዱ ደግሞ ሳይቆስል፣ እብጠት እየሆነ በፊትና በእጅ እግር ላይ ይሰራጫል። ይህ የመጨረሻው ከሥጋ ደዌ ጋር እስኪምታታ ድረስ ይመሳሰላል። ያኔ ሰውየው ከቁስሉ በላይ የሚጎዳው ሰው ሲሸሸው ነው።

አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ሕክምናው ቀርቧል። እ.ኤ.አ. በ2023 ታትሞ የወጣ አንድ ጥናት የሚናገረው ስለ ላይ ጋይንት ነው። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ በነፋስ መውጫ ሆስፒታል በአዲስ መልክ በተቋቋመው የቁንጭር ሕክምና ማዕከል የታዩትን ሕመምተኞች ሁኔታ መዝግበዋል። እኛ «የሰፈር ቁስል» ስንለው የኖርነው ነገር ዓለም በሚያነበው የሕክምና መጽሔት ላይ ከነወረዳው ስም ሲወጣ ማየት ለተማሪ ትልቅ ነገር ነው። ከዚያም በላይ የሚጠቅመው ግን ማዕከሉ መኖሩን ማወቅ ነው። ከስማዳ ወይም ከታች ጋይንት የሚነሣ ሰው ጎንደር ወይም ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ድረስ ከመጓዙ በፊት ነፋስ መውጫ እንዳለለት ይወቅ።

አንድ ነገር ግን አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል። ሕክምናው በአብዛኛው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የተባለ መርፌ ነው። ለትንሽ ቁስል እዚያው ቁስሉ ውስጥ ይወጋል። ለሰፊው ወይም ለተሰራጨው በጡንቻ ለአራት ሳምንት ያህል በየቀኑ ይሰጣል። መርፌው ያምማል። እንግዲህ በሰውየው ዓይን ሆነን እንየው። ቁስሉ አላመመውም፤ የሚያመው መድኃኒቱ ነው። በዚያ ላይ አራት ሳምንት ከቤቱ ርቆ፣ ማደሪያ ተከራይቶ፣ ምግብ እየገዛ መቆየት አለበት። ሐኪሙ «ይህ ቁስል ባያምህም አፍንጫህን ሊበላ ይችላል፤ መርፌው የሚያምህ ለዚህ ነው» ብሎ ካላስረዳው በሦስተኛው ቀን ወደ አገሩ ይመለሳል። ለዚህ ማስረዳት የሚያስፈልገው አምስት ደቂቃና የሰውየው ቋንቋ ነው።

የማያምም ነገር ሁሉ ቀላል አይደለም የሚለውን ሥጋ ደዌ የበለጠ ያስተምረናል። የሥጋ ደዌ ባክቴሪያ የሚያጠቃው ቆዳንና ነርቭን ስለሆነ፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ ሲነኩት የማይሰማ ቆዳ ዋናው ምልክቱ ነው። እዚህ ላይ አለማመሙ ራሱ በሽታው ነው። መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፤ እንደ ዓይነቱ በ6 ወይም በ12 ወር ይጠናቀቃል። ሳይታከም ከቆየ ግን እጅና እግር ያቃጥላቸው ይሁን ይቁረጣቸው ሳያውቁ ይጎዳሉ።

እከክና ዝሆኔ

ማሳከክንም «ቀላል ነው» ብለን እናልፈዋለን። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በክልላችን የእከክ ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር፤ ውኃ ሲጠፋና ሰው ሲጨናነቅ እከክ ይስፋፋል። እከክን ለመለየት ብዙ ጊዜ ሁለት ጥያቄ ይበቃል። «ሌሊት ይብስብሃል?» እና «ቤት ውስጥ ሌላ የሚያክክ ሰው አለ?» ሁለተኛው ጥያቄ ካልተጠየቀ ልጁ ብቻ ቅባት ተሰጥቶት ይሄዳል፤ ማታ ከወንድሞቹ ጋር ተኝቶ እንደገና ይይዘዋል። እከክ የሚድነው ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሲታከም ነው።

የቆዳ በሽታና ሕመም ምን ያህል እንደሚገናኙ የሚያሳየን ደግሞ ዝሆኔ ነው። በእኛ ደጋ ያለው ዝሆኔ ብዙውን ጊዜ በባዶ እግር ቀይ አፈር በመርገጥ የሚመጣ ነው፤ በሕክምና ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። እግር ማበጡን ሁሉም ያያል። የማይታየው ግን እግሩ በየጊዜው እየተነሣ ማቃጠሉ፣ ትኩሳት ማምጣቱ፣ ሰውየውን ለቀናት አልጋ ላይ መጣሉ ነው። በጎረቤታችን በምሥራቅ ጎጃም በ696 ሕመምተኞች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ የታተመ ጥናት የጠየቀው ስለዚህ ሕመም ነው። ግማሾቹ ወዲያው እግር መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ማሰር፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ጀመሩ። ሌሎቹ ከ12 ወር በኋላ እንዲጀምሩ ተደረገ። በዓመቱ ውስጥ እንክብካቤውን ያገኙት በአማካይ ወደ 19 ጊዜ ሲነሣባቸው፣ ያላገኙት ወደ 24 ጊዜ ተነሣባቸው።

ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አንብቡት። ያልታከመ ሰው በዓመት 24 ጊዜ፣ ማለትም በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ይተኛል። ከጎረቤቱ ማን ይህን ያውቅ ነበር? ስለ እግሩ መጠን እንጂ ስለ ሕመሙ ቀን ጠይቆት የሚያውቅ አልነበረም። ልዩነቱን ያመጡት ደግሞ ሳሙና፣ ውኃ፣ ቅባትና ጫማ ናቸው። በቀን አምስት ጊዜ እግሩን ለሚያጥብ ሙስሊም ይህ የሩቅ ነገር አይደለም። ከውዱእ በኋላ በእግር ጣቶች መካከል ያለውን ውኃ ማድረቅም ቆዳን ከፈንገስ ይጠብቃል።

የማይታየው ሕመም

አሁን ወደዚያች እናት እንመለስ። ውኃ ከሸለቆ ወደ ላይ ስታወጣ፣ እንጨት ስትሸከም የኖረች ናት። ኤክስሬይ ተነሥታ ምንም አልተገኘም። አንድ ጤና ተቋም ውስጥ «እድሜ ነው» ብለው የሕመም ማስታገሻ ሰጥተው እንደሸኟት ነገረችን። የከፋት መድኃኒቱ ማነሱ አልነበረም። «ውሸታም መሰልኳቸው» ነው ያለችን።

ዛሬ የሕክምና ሳይንስ ከሦስት ወር በላይ የቆየን ሕመም ለብቻው እንደ አንድ የጤና ችግር ያየዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ11ኛው የበሽታዎች መለያው ውስጥ የራሱን ቦታ ሰጥቶታል። ምክንያቱም ሕመም የሰውነት ደወል ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን አደጋው ካለፈ በኋላም ደወሉ መጮኹን አያቆምም። ነርቮች ከመጠን በላይ ይነቃሉ፤ ትንሹ ነገር ያምማል። ይህን ኤክስሬይ አያሳየውም። ዓለም አቀፉ የሕመም ጥናት ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2020 የሕመምን ትርጉም ሲያሻሽል፣ አንድ ሰው «ያመኛል» ሲል ቃሉ ሊከበር እንደሚገባ አብሮ አስፍሯል። እንግዲህ ያቺ እናት ዋሽታ አይደለም። ማስረጃዋ ቃሏ ነው።

ቃሉ ደግሞ ሀብታም ነው። ባለፈው እረፍት አባቶችና እናቶች ሕመማቸውን ሲነግሩን የሚሉትን ጽፈን ነበር። ይወጋኛል፣ ይቆረጥመኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይለበልበኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል፣ ይደነዝዘኛል፣ ይከብደኛል፣ ይፈልጠኛል፣ ያሳክከኛል። እነዚህ አንድ ነገር በተለያየ ስም አይደሉም። የሚያቃጥል፣ የሚነዝርና የሚደነዝዝ ሕመም ስለ ነርቭ እንድናስብ ያደርጋል። የሚቆረጥም ስለ መገጣጠሚያ፣ የሚጠዘጥዝ ስለ መመርቀዝ ይጠቁማል። መድኃኒታቸውም ይለያያል። ካርዱ ላይ ግን ሁሉም ወደ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ይወርዳሉ፤ «ፔይን»። ምርመራው ከመጀመሩ በፊት ግማሹ መረጃ እዚያ ላይ ይጠፋል።

ይህን የቀደሙን ሊቃውንት አሳምረው ያውቁት ነበር። ኢብኑ ሲና፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ «አል-ቃኑን» በተባለው መጽሐፋቸው ሕመምን አሥራ አምስት ዓይነት አድርገው ዘርዝረዋል። የሚወጋ፣ የሚጫን፣ የሚበሳ፣ የሚከብድ፣ የሚያደነዝዝ እያሉ ሲለዩ የሚያሳክከውንም ከዝርዝሩ አላስቀሩም። እሳቸው ካለፉ ከዘጠኝ መቶ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ ሜልዛክ የተባሉ የካናዳ ተመራማሪ ታካሚዎች ለሕመም የሚጠቀሙባቸውን 78 ቃላት በ20 ምድብ ከፍለው መጠይቅ ሠሩ፤ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። የሁለቱም ሥራ ሥሩ የታካሚውን ቃል ማክበር ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1984 አሜሪካ ውስጥ የተደረገ ጥናት፣ ሐኪሞች ታካሚው መናገር በጀመረ በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ እንደሚያቋርጡት አሳይቷል። በ18 ሰከንድ ውስጥ የገጠር ሰው ሰላምታውን አይጨርስም።

የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መንገድ

ስለ ቆዳና ስለ ሕመም ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የመጡ ሰዎች ምን አገኙ? ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍና ዙበይር (ረ.ዐ) ቆዳቸው እያሳከካቸው ሲቸገሩ፣ ለወንዶች የተከለከለውን ሐር እንዲለብሱ ፈቀዱላቸው። ይህ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። «ማሳከክ ምን አላት፣ ታገሡ» አላሏቸውም። ዒምራን ኢብኑ ሑሰይን (ረ.ዐ) የኪንታሮት ሕመም ነበረባቸው፤ ስለ ሶላት ሲጠይቁ ቆመው፣ ካልቻሉ ተቀምጠው፣ ያንንም ካልቻሉ በጎን ተኝተው እንዲሰግዱ ነገሯቸው። ይህም በቡኻሪ ይገኛል። የማይታይ ሕመም ነበር፤ ማስረጃ አልተጠየቁም። የቃላቸው መጠን የሶላታቸው መጠን ሆነ።

ሦስተኛው ታሪክ ያስፈራል። በአቡ ዳውድ እንደተዘገበው አንድ ሰው ራሱን ተፈንክቶ ሳለ ገላውን መታጠብ ግዴታ ሆነበት። ተየሙም ይበቃኝ እንደሆነ ብሎ ባልደረቦቹን ጠየቀ፤ አይፈቀድልህም አሉት፤ ታጥቦ ሞተ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲሰሙ በጣም ተቆጡ፤ ያላወቁትን ለምን እንዳልጠየቁ ወቀሷቸው፤ የአላዋቂነት መድኃኒቱ መጠየቅ መሆኑን አስተማሩ። ሊቃውንት ስለ አንዳንድ የዘገባው ክፍሎች ቢነጋገሩም ትምህርቱ ግልጽ ነው። የሰው ቁስል ሳይመረመር የሚሰጥ መልስ ሊገድል ይችላል። ይህ ለሙፍቲም ለሐኪምም ነው።

ስለዚህ ሶብር ማለት ዝም ማለት አይደለም። ነቢዩላህ አዩብ (ዐ.ሰ) የትዕግሥት ምሳሌ ሆነው ሳለ ጉዳታቸውን ለጌታቸው ተናግረዋል። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) ዓኢሻ (ረ.ዐ) ራሷን እንዳመማት ስትናገር የራሳቸውን የራስ ምታት ነግረዋታል። ሕመም ወንጀል ያብሳል የሚለው ብስራት ለታመመው መጽናኛ ነው እንጂ እኛ «ዝም በል» ለማለት የምንጠቀምበት መሣሪያ አይደለም።

እኛስ ምን እናድርግ?

በመጪው እረፍት ወደ ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ የምትሄዱ ሁሉ፣ የጤና ተማሪ ባትሆኑም እነዚህን ያዙ። ለሳምንታት ያልዳነ ቁስል ባያምምም ይታይ። የማይሰማ ቆዳ በቶሎ ይታይ። እከክ ለቤተሰቡ በሙሉ ይታከም። ከሦስት ወር በላይ የቆየ ሕመም እንደገና ይታይ፤ ታካሚው ሕመሙን በራሱ ቃል እንዲናገር አበረታቱት፤ አጠር አድርጎ «ያመኛል» ብቻ እንዳይል።

እህቶች የሚሸከሙት ተጨማሪ ሸክም አለ። ቁስሉ በሚሸፈን ቦታ ሲሆን ብዙ እናቶቻችን በሐያእ ምክንያት ይደብቁታል። ሊቃውንት ለሕክምና አስፈላጊ በሆነ መጠን መግለጥን ፈቅደዋል፤ ሴት ሐኪም ከተገኘች እሷ ትቅደም። ይህን ለእናቶቻችን መንገር ከወንዶቹ ይልቅ ለእህቶች ይቀላል። የታሸገ ቁስል ላይ በእርጥብ እጅ ስለማበስና ስለ ተየሙም ደግሞ ሰፈራችሁ ያሉ ሸኾችን ጠይቁ፤ ውዱእ ቁስሌን ያበላሸዋል ብሎ ሶላቱን ያቆመ፣ ወይም ሶላት አላቆምም ብሎ ቁስሉን ያባባሰ ሰው አይጥፋብን።

ለጀመዓው አንድ ሐሳብ እናቅርብ። ለአራት ሳምንት መርፌ የሚቆይ ድሃ ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ የሚያቋርጠው በማደሪያና በምግብ ምክንያት ነው። ከወርሃዊ ሰደቃችን ጥቂቱን ለዚህ ብንመድብስ? ሕመምተኛው ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን አንጠይቅ፤ የአሸዋ ዝንቧም አትጠይቅም።

ነገ ጋዋን ለብሰን የምንቀመጥ እህትና ወንድሞች ደግሞ ለራሳችን ቃል እንግባ። «አባቴ፣ ምንዎትን ነው የሚያምዎት?» ብለን ከጠየቅን በኋላ እስኪጨርሱ እንጠብቅ። «ይነዝረኛል» ካሉ «ይነዝረኛል» ብለን እንጻፍ። የታካሚ ቃል አማና ነው፤ አማና ደግሞ ሳይጎድል ይደርሳል።

አላህ፣ ፈዋሹ ጌታ፣ የሚታየውንም የማይታየውንም ሕመም ያሽርልን። የሚያዳምጥ ጆሮና የሚራራ ልብ ይስጠን። አሚን።